የድልድዩ ሥር ሰፍነግ

አብዮት ጥበቃዎቹ ቤታችንን ሊፈትሹ የመጡ ዕለት መጀመሪያ እጃቸው የገባው የእኔ ጠርሙስ ነበር። የሚፈልጉት ጠመንጃና የተከለከለ ወረቀት ነው፤ ያገኙት ግን አልኮል ውስጥ የተዘፈዘፈ አረንጓዴ ቅርፊት ሆነ። አንደኛው ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንሥቶ እያዟዟረ «ምንድን ነው?» አለኝ።

«እንስሳ ነው» አልሁት።

«አፍ አለው?»

«የለውም።»

«ዓይንስ? ደምስ?»

«የለውም።»

«ታዲያ በእኔ ላይ ነው የምትቀልጂ?» ብሎ በጥፊ አጮለኝ። ጆሮዬ ጭው አለ። መደርደሪያው ላይ ደግሞ ደርቆ የተቀመጠ ሌላ ነበረኝ። ባሩድ መስሎት ቁራሹን በመዳፉ አሸው፤ አሸተተው፤ ከዚያ ላብ ሲያስቸግረው በዚያው እጁ ዓይኑን ጠረገ። ያ እንስሳ፣ ስፖንጁ፣ ደርቆ ሲታሽ የመስታወት ብናኝ ነው የሚሆነው። ሰውየው ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ጓዶቹ መርዝ አብልታዋለች ብለው ጎኔን በሰደፍ መቱኝ፣ ስወድቅ ደግሞ በጫማ ደገሙኝ። ዓይኑን በጨርቅ አስሮ ሰነበተ ሲሉኝ ደስ አለኝ። አሁንም ደስ ይለኛል፤ ለማንም ብዬ አልደብቀውም።

ያን ጊዜ እኔ ባሕር ዳር ኮሌጅ ውስጥ የባዮሎጂ ላቦራቶሪ ረዳት ነበርሁ። ስፖንጅ ሲባል ሰው የሚያውቀው የፍራሹን ወይም የዕቃ ማጠቢያውን ነው። የእኔው ሕይወት ያለው፣ መጽሐፍ ሰፍነግ የሚለው ነው። ጨው ባሕር ውስጥ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጥልቅ ቦታ፣ እንደ ዋንጫና እንደ ቁጥቋጦ ሆኖ የሚያድግ ዘመድ አለው አሉ፤ እኔ በመጽሐፍ እንጂ አላየሁትም። የጣናው ግን ድንጋይ ላይ እንደ እከክ ተለጥፎ የሚኖር ነገር ነው። ብርሃን ካገኘ አረንጓዴ፣ ከድንጋዩ ሥር ከሆነ አመድማ። ውኃ በቀዳዳው ያስገባል፣ የሚበላውን ያስቀራል፣ የቀረውን ይተፋዋል። ሽታው አያድርስ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ስሙን ባይጠይቁም፣ እሱን የነካ እጅ ሳማ እንደነካ እጅ ሲያሳክክ እንደሚውል ሁሉም ያውቃሉ።

የሚያሳክከው አጥንቱ ነው። ሥጋው ውስጥ ዓይን የማያያቸው የመስታወት መርፌዎች አሉት፤ አንዱን ዓይነት ከሌላው የሚለዩትም እነሱ ናቸው። መልክ አይታመንም፤ አንዱ ዓይነት እዚህ አረንጓዴ፣ እዚያ ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ ከቅርፊቱ ቁራሽ ወስደህ በናይትሪክ አሲድ ትቀቅለዋለህ። አሲዱ ሥጋውን ይበላዋል፣ መስታወቱን ግን አይነካም። ሲረጋ ከሥር ነጭ ዝቃጭ ይቀራል፤ ያን በማይክሮስኮፕ ታየዋለህ። ይህን ያስተማረኝ አንድ ፈረንጅ መምህር ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ሻንጣውን ሸክፎ ወደ አገሩ ገባ፤ ማይክሮስኮፑና የአሲዱ ጠርሙስ ለእኔ ቀሩ። ቡናማው ጭስ ጉሮሮዬን እያቃጠለኝ፣ አሲዱ የጋውኔን እጅጌ እየበሳው፣ ብቻዬን ቀጠልሁ። ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ዘመን የድንጋይ እከክ ትፍቃለች፣ አብዳለች ይሉኝ ነበር። ይበሉ። ከስብሰባ፣ ከመፈክር፣ ከተኩስ ተመልሼ የምቀመጥበት አንድ ጸጥ ያለ ነገር ባይኖረኝ ያን ጊዜ እውነትም አብድ ነበር።

በሐይቁ ዳር ያሉት ስፖንጆች መርፌያቸው ለስላሳ ነው፤ ሁለት ጫፉ ሾሎ መሐሉ ወፈር ይላል፣ ሌላ ነገር የለውም። አንድ ቀን ግን ከዓባይ ድልድይ ሥር፣ ውኃው ከሐይቁ ወጥቶ መሮጥ ከጀመረ በኋላ ካሉት ድንጋዮች፣ አንዱን ፍቄ አመጣሁ። ቀቅዬ ባየው አጭርና ደንዳና መርፌ ነው፣ ዙሪያውን በሙሉ እሾህ ያወጣ። የፈረንጁን መጽሐፍ ገለበጥሁ፤ የለም። ደግሜ ገለበጥሁ፤ የለም። ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻዬን ዘለልሁ፣ እልል ማለት ቀረሽ በሉኝ። ከዚያ ወዲያ ሐይቁን ዙሪያውን አስሼዋለሁ፤ ታንኳ የሚሠሩበት ደንገል ሥር፣ የጀልባ ማቆሚያው ድንጋይ ላይ፣ ገዳማቱ ወደብ ላይ። ያን እሾሃም ዓይነት ከድልድዩ ሥር በቀር የትም አላገኘሁትም። የሚሮጥ ውኃ ካልሆነ አይኖርም።

ከዚያ ቀይ ሽብር መጣና ከድልድዩ ሥር መውረድ ተከለከለ። እዚያ የሚወርዱት ተይዘው የሚወሰዱት ብቻ ሆኑ። የቀበሌው ሰዎች የያዙትን እዚያ ወስደው፣ ማጅራቱን በአጣና ተጭነው ውኃ ይግቱታል። የተናዘዘ ይወጣል፤ ያልተናዘዘውን ዓባይ ይዞት ይሄዳል። ከታች ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች የሰው ሬሳ ሲያልፍ እያዩ፣ መጨረሻ ላይ ልብሳቸውን ቤት ማጠብ ጀመሩ። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገረው ግን የለም። የተናገረ ራሱ ይወርዳላ።

ቤታችን ዓባይ ማዶ ነበር። አባየ፣ አባታችን፣ የቅኔ መምህር ናቸው፤ እዚያው ካለው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጎጆ ቀልሰው ተማሪ ያስተምራሉ። ሥራዬን ሲያዩ «ጌታን ሆምጣጤ ያጠጡት በሰፍነግ ነው እኮ። አንቺ ደግሞ በእሱ ምን ልታጠጪን ነው?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እናታችን ከሞተች ቆይታለች። የቀረነው እሳቸው፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ነን። ወንድሜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ንግግር የሚወድ፣ ክርክር ካገኘ ምሳውን የሚረሳ። በዚያ ዘመን ክርክር የሚወድ ልጅ ያለው ሰው እንቅልፍ አልነበረውም።

የቀበሌው ሊቀመንበር የአባየ ተማሪ የነበረ ሰው ነው። ደበሎ ለብሶ ከሩቅ አገር መጥቶ፣ በእኛ ደጅ ቁራሽ ለምኖ፣ ታሞ እናቴ አስታምማው ያደገ። ቅኔው አልሆንለት አለ። ፋብሪካ ገባ፣ ከፋብሪካው ወደ ስብሰባ፣ ከስብሰባው ወደ ሽጉጥ። ሽጉጥ ታጥቆም አባየን «የኔታ» ማለቱን አልተወም። በጣም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ወንድሜን ከትምህርት ቤት ደጅ በጠመንጃ ሲያስወስደው እንኳ «የኔታ፣ ለጥያቄ ነው፣ ይመለሳል» ብሎ ነው።

አባየ በየቀኑ ቀበሌው በር ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ዋሉ። ምግብ ይዤ ስሄድ ዘቦቹ እየተቀበሉ ራሳቸው ይበሉታል፤ በዓይኔ እያየሁ። አንድ ቀን «መርዝ ይሁናችሁ!» ብዬ ስለለፈለፍሁ አንዱ በጠመንጃው አፈሙዝ ከንፈሬን ተረተረኝ። አባየ ደሜን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «ዝም በይ፣ በእሱ ላይ ነው የሚበቀሉሽ» አሉኝ። ዝም አልሁ። ለአባየ ስል እንጂ ሌላው ቢሆን አልልም ነበር።

አንድ ጠዋት ደንገል ሊያጭድ የወረደ ሰው ሬሳ አገኘ አሉ፤ በሐይቁ ዳር፣ በከተማው በኩል። እኔና አባየ ድልድዩን ተሻግረን ሮጥን። ወንድሜ ነበር። ደንገሉ ሥር በደረቱ ተደፍቷል፤ ሸሚዙ ወደ ላይ ተገልቦ ጀርባው ታየ፣ የተገረፈው ጀርባው። ሊቀመንበሩ ከእኛ ቀድሞ እዚያ ቆሟል። ሳንጠይቀው ጀመረ።

«ያሳዝናል የኔታ። ትናንት ማታ ፈትተነው ነበር። ወደ ሐይቁ ሲወርድ ጥበቃዎቼ አይተውታል። ራሱን ነው የጣለ።»

አባየ ሲያነክሱ ወደ እሱ ሄዱ። ልጃቸውን ሳይነኩ በፊት ጉልበቱ ሥር ወደቁ። «ራሱን አይደለም በለኝ። ገደልሁት በለኝ፣ ምንም አልልህም። ራሱን ግን አይደለም በለኝ።»

«ራሱን ነው፣ የኔታ።»

ነገሩን ለማያውቅ ልንገር። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ራሱን ለገደለ ሰው ፍትሐት አይደረግም። ጸሎት አይደርስለትም፣ ከቅጥሩ ውስጥ አይቀበርም፤ ከግንቡ ውጭ ጉድጓድ ተቆፍሮ ዝም ብሎ ይጣላል። አባየ ለስንቱ ሰው ፍትሐት ያደረሱ፣ በዚያው ሥርዓት ያረጁ ሰው ናቸው። ልጄ ሞተ ከሚለው ይልቅ ልጄ ሳይፈታ ሊቀበር ነው የሚለው ነው አንጀታቸውን የቆረጠው። ሊቀመንበሩም ይህን ያውቃል። ሌላ ካድሬ ቢሆን ጥይት ያባክናል፣ ሬሳውን መንገድ ላይ ያሰጣል። ለእሳቸው ግን ከዚያ የሚከፋ ነገር እንዳለ የሚያውቀው በእሳቸው እጅ የተማረ ሰው ብቻ ነው። አስቦበት ነው ያደረገው። እግዜር አይቶታል።

ተቀመጥሁና የወንድሜን ራስ ጭኔ ላይ አደረግሁ። ማጅራቱ ጠቁሯል። «ከድንጋይ ተላትሞ ነው» አለ ሊቀመንበሩ። ግንባሩ ተፈንክቷል። «ያም ድንጋዩ ነው።» ለእያንዳንዱ ቁስል መልስ አዘጋጅቶለታል። ጀርባውን ሳሳየው ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። እጁን ያዝሁት። ጣቶቹ ታጥፈው ቀርተዋል፣ ልዘረጋቸው ብሞክር እምቢ አሉ። ጥፍሮቹ እስከ ሥጋው ተሰባብረዋል፤ ከሥራቸው አረንጓዴ ነገር ተጠቅጥቋል። ጭቃ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆየሁና መዳፌ ያሳክከኝ ጀመር። ያን ማሳከክ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

እነሱ እያዩ ምንም መውሰድ አልችልም። ስለዚህ እጁን ወደ አፌ አስጠጋሁ። ለሚያየኝ እኅት የወንድሟን እጅ ስትስም ነው። እኔ ግን የተሰበሩትን ጥፍሮች አንድ በአንድ በጥርሴ ቀነጠስኋቸው። ከሥራቸው የተጠቀጠቀውን በምላሴ አወጣሁ። የመስታወቱ መርፌ ድዴንና ምላሴን ወጋኝ፣ አፌ ውስጥ የወንድሜና የእኔ ደም ተደባለቀ። አንዱ ዘብ «ይበቃሻል፣ ተነሺ» ሲለኝ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ተነሣሁ። የነጠላዬ ጫፍ ውስጥ ተፍቼ ቋጠርሁት። አባየ እንኳ ምን እንዳደረግሁ አላወቁም። ሬሳውን በቃሬዛ ወደ ዓባይ ማዶ ሲያነሡት እኔ ወደ ኮሌጁ ሮጥሁ።

ላቦራቶሪው ውስጥ መብራት የለም። የጋዝ ምድጃውን ግቢው ውስጥ አውጥቼ ለኮስሁና አሲዱን ጣድሁ። የወንድሜን ጥፍር በአሲድ ቀቀልሁ። እንዲህ ብዬ ሳወራው ሰው ፊቱን ያዞርብኛል፤ ያዙር። ያሳደግሁት ልጅ ነው፣ እነዚያን ጥፍሮች ትንሽ ሆኖ የምቆርጥለት እኔ ነበርሁ። ቡናማው ጭስ ሲወጣ ዓይኔን አልጨፈንሁም። ጥፍሩ ቀለጠ፣ ደሙ ቀለጠ፣ ሥጋው ቀለጠ። አሲዱን ለመድፋት ስቸኩል አንጓዬ ላይ ተረጨብኝ፤ ቆዳዬ ተቃጥሎ ወዲያው ቢጫ ሆነ። ውኃ ጨምሬ እስኪረጋ መጠበቅ ነበረብኝ። ያን ያህል ተሳድቤ አላውቅም። ሊቀመንበሩን ሰደብሁ፣ ፈረንጁን ሰደብሁ፣ አይረጋም ያለውን ዝቃጭ ሰደብሁ።

ረጋ። ከሥር ነጭ ነገር ቀረ። ጠብታውን መስታወት ላይ አድርጌ ማይክሮስኮፑን ወደ ፀሐይ አዞርሁት። አጫጭር፣ ደንዳና፣ ዙሪያቸውን እሾህ ያወጡ። አንድም ለስላሳ መርፌ የለም። ሐይቁ ውስጥ ሞተ የተባለው ወንድሜ በጥፍሩ የያዘው የሐይቁን ድንጋይ አልነበረም። ከድልድዩ ሥር ነው የሞተው፤ ድንጋዩን በሁለት እጁ ይዞ። ውኃ ግተው ከገደሉት በኋላ ጎትተው፣ አምጥተው፣ ደንገሉ ሥር ጣሉት። ሊቀመንበሩ ውኃ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ነው የተሳሳተ። ጠረጴዛውን በሁለት ቡጢዬ ደበደብሁት፤ ከዚያ ብርጭቆ እንዳልሰብር ፈርቼ ተውሁት።

ማይክሮስኮፑን ዘንቢል ውስጥ ከትቼ ጋቢ አለበስሁት። በፊት ያዘጋጀኋቸውን መስታወቶችም ያዝሁ፣ አንዱ የሐይቁ፣ አንዱ የድልድዩ። ድልድዩ ላይ የቆመው ጥበቃ ያ ዓይኑን ያሻው ሰው ነበር። «ዘንቢሉን ክፈቺ» አለኝ።

«ያው የዚያን ቀኑ ዓይነት ነው። ራስህ እጅህን ከትተህ እየው» አልሁት።

እጁን ወደ ኪሱ ከተተ። «እለፊ» አለኝ።

ሬሳው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቃሬዛው ላይ ተጋድሟል። አባየ ራስጌው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ጥምጣማቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገውታል። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ወጥቷል፤ ማልቀስ ስለተከለከለ ሴቶቹ ነጠላቸውን ነክሰው ቆመዋል። ከግንቡ ውጭ ሁለት ሰዎች ይቆፍራሉ። ሊቀመንበሩ ከጥበቃዎቹ ጋር በሩን ይዟል። የደብሩ አለቃ ሽማግሌ ናቸው፤ የአባየ የልጅነት ጓደኛ፣ ከአባየ ጋር በአንድ ጎጆ የተማሩ። ከበሩ ውስጥ ቆመው እንባቸው ይወርዳል።

«አባታችን፣ አይቅበሩት» አልኋቸው።

«ልጄ፣ እኔ ምን ላድርግ። ራሱን የገደለ ሰው አይፈታም። ሥርዓቱን እኔ አላወጣሁት።»

«ራሱን አልገደለም። ላሳይዎ።»

የደጀ ሰላሙ ደረጃ ላይ ማይክሮስኮፑን አቆምሁ። ሊቀመንበሩ መጣ። «ምን ልታሳዪ ነው?»

«ለእሳቸው ነው የማሳይ። አንተ ምን አገባህ?»

አለቃው ጎንበስ አሉ። «የራሴን ሽፋሽፍት ነው የማይ» አሉ። ትንሽ ራቅ እንዲሉ ነገርኋቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደቃቅ የብራና ጽሕፈት ያነበቡ ዓይኖች ናቸው፤ ቶሎ ያዙት። መጀመሪያ የሐይቁን አሳየኋቸው። «መርፌ ነው፣ ለስላሳ መርፌ» አሉ። ቀጥሎ የድልድዩን። «ይህ እሾህ አለው። ይህ ሌላ ነው።» ሦስተኛውን አስገባሁ፤ ምን እንደሆነ አልነገርኋቸውም። ብዙ ቆዩ። ሁለተኛውን መልሼ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ፤ አሳየኋቸው። ሦስተኛውን መልሼ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ።

«እነዚህ ሁለቱ ወንድማማች ናቸው» አሉ ቀና ብለው። «የመጀመሪያው ባዕድ ነው።»

«የመጀመሪያው ከሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ የተፋቀ ነው፣ ሬሳው ከተገኘበት። ሁለተኛው ከድልድዩ ሥር ነው፤ ሐይቁን ዙሪያውን ፈልጌ ከዚያ በቀር አላገኘሁትም። ሦስተኛው» አልሁና የወንድሜን እጅ ከጨርቁ ውስጥ አውጥቼ አነሣሁላቸው። «ከዚህ ነው፣ ከጥፍሩ ሥር። ሁሉም ጥፍሩ እንዲህ ነው አባታችን። ልሙት ያለ ሰው ድንጋይ አይጨብጥም።»

አለቃው የወንድሜን ጣቶች በጣታቸው ዳሰሱ፤ የታጠፉትን ሊዘረጉ ሞከሩ፣ እንደ እኔው አቃታቸው። ፈርተዋል፤ ማንስ አይፈራም። ይህን ልጅ እፈታዋለሁ ማለት ቀበሌው ገደለው ብሎ በአደባባይ መናገር ነው። አባየ ከመሬት ሆነው ወደ እሳቸው ቀና ብለው ያያሉ። ምንም አልለመኑም።

አለቃው ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ትናንት ማታ ወደ ሐይቁ ሲወርድ አየነው አልህ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«የተገኘውም ከሐይቁ ነው?»

«ነገርኋችሁ እኮ።»

«በእጁ የያዘው ግን የዓባይን ነው። እንግዲያ ዓባይ ወደ ጣና ተመልሶ ፈሰሰ፤ ወይም ሬሳው ሽቅብ ዋኘ። ከሁለቱ የትኛውን ልጻፍልህ?»

ሊቀመንበሩ «በፊት ዋኝቶ ይሆናል» አለ። «እናንተ ዘንድ ታስሮ ነው የዋኘ?» አልሁት። ሽጉጡን መዘዘና በእጀታው የአለቃውን አፍ መታቸው። ጥምጣማቸው ወደቀ፣ ሽበታሙ ጢማቸው ደም በደም ሆነ። እሳቸው አንድ ጥርስ መዳፋቸው ላይ ተፍተው አዩት። ከዚያ ወደ ካህናቱ ዞረው፣ አፋቸው እየደማ፣ «አስገቡት» አሉ።

ካህናቱ ሲንቀሳቀሱ የሰፈሩ ሰው አብሮ ተንቀሳቀሰ። ቃሬዛውን ያነሣው የትኛው ሰው እንደሆነ እንኳ አላየሁም፤ እጅ በእጅ ሆነ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ከጥርሳቸው ለቀቁት። አንድ ጊዜ ጩኸቱ ከተነሣ በኋላ የሚያቆመው አልተገኘም። ሊቀመንበሩ ሽጉጡን ወደ ሕዝቡ አነጣጠረ፣ ወደ ላይ ተኮሰ፣ እንደገና ተኮሰ። ማንም አልዞረለትም። ሬሳው በሩን ሲያልፍ እሱ እንደ ጥንቱ ተማሪ ከመንገዱ ፈቀቅ ሲል አየሁት፤ ሳያስበው ነው መሰለኝ።

ንዴቱን የተወጣው በእኔ ላይ ነው። ማይክሮስኮፑን ደረጃው ላይ ከሰከሱት፣ መስታወቶቹን በጫማ ፈጯቸው። በሰደፍ ሲመቱኝ ቀድሞ የተሰበረው ጎኔ እንደገና ሲላቀቅ ሰማሁት፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። መሬት ላይ ሆኜ ከውስጥ ግንዘቱ ሲነበብ ይሰማኛል። የአለቃው ድምፅ ጥርሱ እንደጎደለ ሰው ድምፅ ይኮላተፋል፣ ግን አያቋርጥም። ያን ያህል ተደብድቤ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። ፈቱት። ወንድሜን ፈቱት።

እጄን የኋሊት አስረው ወደ ላንድሮቨሩ ሲወስዱኝ አባየ ከበሩ ወጡ። ፍትሐቱን ጥለው ነው የመጡ። ጥበቃዎቹ ምን እንዳሰቡ እንጃ፣ ዝም ብለው አሳለፏቸው። አጠገቤ ደርሰው ያበጠ ከንፈሬን፣ የተቃጠለ አንጓዬን አዩ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው፣ ማንም እንዳይሰማቸው፣

«ልጄ፣ ብዙ ቆየ?» አሉኝ።

ምን እንደጠየቁኝ ገባኝ። ያን ድንጋይ ይዞ ብዙ ቆየ ወይ ነው። እኔ የጥፍሮቹን ነገር ሁሉ አውቃለሁ። ቅርፊቱ በቀላሉ አይላጥም፤ ለመላጥ ኃይል ይጠይቃል። ሁለቱም እጁ ላይ አንድም ያልተሰበረ ጥፍር አልነበረም። አንዱ ላይ ቅርፊቱ በቅርፊት ላይ ተደራርቦ ተጠቅጥቋል፤ ድንጋዩ አምልጦት፣ እንደገና ይዞት፣ እንደገና አምልጦት ነው። ያንን በጥርሴ ነው ያወጣሁት።

«አልቆየም፣ አባየ። ወዲያው ነው።»

ዓይኔን አዩኝ። ከቃል ሥር የተሸሸገውን ሲፈልጉ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ለእሳቸው መዋሸት ቀላል አይደለም። ግንባሬን ሳሙኝ። «እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» አሉኝና ጥምጣማቸውን እያስተካከሉ ወደ ልጃቸው ፍትሐት ተመለሱ።